ባክአፑ ይነሳል ወይ? የመሥሪያ ቤትን ዳይሬክተሪ ሰርቨር ከባክአፕ ስለማስነሳት

«ሲስተም የለም።»

ይህችን ቃል ያልሰማ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰልፍ ይዛችሁ ቆይታችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትጠጉ ትመጣለች። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። መስመር ተቋርጧል፤ ወይም መብራት ሄዷል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መስመሩም መብራቱም አለ። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል። ሠራተኛዋ ስሟንና ፓስወርዷን ታስገባለች። ማሽኑ አላውቅሽም ይላታል። አጠገቧ የተቀመጠውንም አያውቀውም። ሥራ አስኪያጁም መጥተው ቢሞክሩ ያው ነው። የጋራ ፎልደሩ አይከፈትም፣ ፕሪንተሩ አያትምም፣ ኢሜይል አይገባም። ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ መሥሪያ ቤቱ ቀጥ ይላል።

ይህ የሚሆነው ዳይሬክተሪ ሰርቨሩ ሲወድቅ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ሰርቨር ነው፤ ቢወድቅ ከባክአፕ፣ ማለትም ለክፉ ቀን ተገልብጦ ከተቀመጠው ቅጂ፣ ይነሳ እንደሆነ አስቀድሞ ስለመሞከር። የአይቲ ሥራ ውስጥ ያላችሁ ከዝርዝሩ የተወሰነውን ታውቁት ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ሙከራውን የሚሠራው የአይቲ ክፍሉ ነው፤ ቀኑንና ዕቃውን የምትፈቅዱት ግን እናንተ ናችሁ።

ዳይሬክተሪ ማለት

ዳይሬክተሪ የመሥሪያ ቤቱ የሰውና የዕቃ መዝገብ ነው። ማን ይሠራል፣ የየትኛው ክፍል ነው፣ የትኛውን ፎልደር መክፈት ይፈቀድለታል፣ የትኛው ኮምፒውተር የእኛ ነው፤ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። የእያንዳንዱ ሰው ፓስወርድም በቀጥታ ሳይሆን አሻራው ብቻ ተቀምጦ እዚያው አለ።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሥራ የሚሠራው የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው። ከዊንዶውስ 2000 ጋር ነው የመጣው። በአንድ መዝገብ ሥር ያሉት ሰዎችና ኮምፒውተሮች በጠቅላላ ዶሜይን ይባላሉ፤ መዝገቡን የሚይዘው ሰርቨር ደግሞ ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል። ሰው ጠዋት ገብቶ ፓስወርዱን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ዞር ብሎ ዶሜይን ኮንትሮለሩን ይጠይቃል። የፋይል ሰርቨሩም ይጠይቃል። ኢሜይሉም፣ ዋይፋዩም፣ ከቤት ሆኖ የሚገባበት ቪፒኤንም ይጠይቃል። ሁሉም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

መልስ የሚሰጥ ከሌለ ማንም አይገባም።

ጋና ውስጥ የተረፈው

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነስቶ ብዙ አገሮችን አዳረሰ። መግቢያው ኤም.ኢ.ዶክ የሚባል፣ ዩክሬን ውስጥ ድርጅቶች ለግብርና ለሒሳብ ሥራ የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ነበር። አጥቂዎቹ የሶፍትዌሩን ማሻሻያ በክለው አሰራጩት። ሲያዩት ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ይመስላል። ግን የከፈለም ሰው ዳታው የሚመለስበት መንገድ አልነበረም።

ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ሜርስክ ነው፤ የዴንማርኩ ግዙፍ የመርከብ ድርጅት። ሜርስክ በየአገሩ የተበተኑ ወደ 150 የሚጠጉ ዶሜይን ኮንትሮለሮች ነበሩት። ሁሉም አንድ መዝገብ ይዘው እርስ በርስ ይገለባበጡ ነበር። አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ አሉ የሚል ነው ሐሳቡ። ሁሉም በአንድ ላይ ቢጠፉ የሚል ግን አልታሰበም። በዚያን ቀን ጠፉ።

የሌሎቹ ሰርቨሮች ባክአፕ ተገኘ። ከ3 እስከ 7 ቀን የቆየ ነበር፤ መጥፎ አይደለም። የዶሜይን ኮንትሮለሩ ባክአፕ ግን ሊገኝ አልቻለም። ያለ እሱ ደግሞ የሌላው ባክአፕ ብዙ አይፈይድም።

በመጨረሻ አንድ ሰርቨር ተረፈ፤ ጋና ውስጥ። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከኔትወርኩ ተቋርጦ ቆይቷል። ቫይረሱ ሲዞር እሱ ጠፍቶ ነበር። መዝገቡን በኔትወርክ ወደ እንግሊዝ ለመላክ ታሰበ፤ መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ቀናት ሊፈጅ ነው። ሰው ይዞት ይምጣ ተባለ፤ ከጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። ስለዚህ አንዱ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ። ኤርፖርት ላይ ለሌላ የሜርስክ ሠራተኛ አስረከበ። ያም ሰው ይዞት ለንደን ሂትሮው ገባ። መልሶ ማቋቋሙ የሚመራው ከለንደን በስተምዕራብ ካለችው ሜይደንሄድ ነበርና ዲስኩ ወደዚያ ሄደ።

በወቅቱ የድርጅቱ የቦርድ ሊቀመንበር የነበሩት ጂም ሃገማን ስናቤ በጃንዋሪ 2018 ዳቮስ ላይ እንደተናገሩት 4,000 ሰርቨሮች፣ 45,000 ኮምፒውተሮችና 2,500 አፕሊኬሽኖች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተጭነዋል። ድርጅቱ ጉዳቱን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይህን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ አወራዋለሁ። ሠራተኞቹ ደካማ ስለሆኑ አይደለም። በ10 ቀን ያን ሁሉ ማንሳት ትልቅ ጀግንነት ነው። የማወራው፣ አንድ ያልተሞከረ ነገር ያን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ስለሚያሳይ ነው።

ብዙ ቅጂ ማለት ባክአፕ ማለት አይደለም

ይህን በእድር ላስረዳችሁ።

ሰፊ ሰፈር ውስጥ ያለ እድር አስቡ። አራት ጸሐፊዎች አሉት፤ በአራቱም ማዕዘን። እያንዳንዳቸው ሙሉ መዝገብ ይዘዋል። አንዱ አዲስ አባል ሲመዘግብ ለሦስቱ ይነግራል፤ እነሱም ይጽፋሉ። የአንዱ ቤት ቢቃጠል ችግር የለም። አዲስ ደብተር ተገዝቶ ከሌላው ይገለበጣል።

አሁን ተንኮለኛ ሰው አንዱ ጸሐፊ ጋ ገብቶ የአባላቱን ስም ሁሉ ሰረዘ እንበል። ጸሐፊው እንደ ወትሮው ለሦስቱ ይነግራል። «እነዚህ ሁሉ ተሰርዘዋል።» ሦስቱም አምነው ይሰርዛሉ። እስከ ማታ አራቱም መዝገብ ባዶ ነው። አራት ቅጂ መኖሩ ስረዛውን አፈጠነው እንጂ አልከለከለውም። ባክአፕ የሚባለው ባለፈው እሑድ ተገልብጦ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ከማንም ጋር የማይነጋገረው አምስተኛው ደብተር ነው።

ግን ያንን አምስተኛ ደብተር አውጥቶ ሥራ መቀጠልም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ፋይል ከባክአፕ መመለስ ሌላ፣ ዳይሬክተሪ መመለስ ሌላ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ጸሐፊዎቹ የሚጽፉትን ሁሉ ተራ ቁጥር ይሰጡታል። እያንዳንዱም ከሌላው እስከ ስንት እንደተቀበለ ያስታውሳል። «ከምሥራቁ ጸሐፊ እስከ 500 ደርሶኛል» ይላል። በሌላ ቀን ሲገናኙ ከ501 ጀምሮ ያለውን ብቻ ይጠይቀዋል። እንግዲህ የምሥራቁ ጸሐፊ ደብተሩ ተበላሽቶበት የድሮ ፎቶኮፒ አውጥቶ ቀጠለ እንበል። ፎቶኮፒው 400 ላይ ያበቃል። አዲስ አባል ሲመዘግብ 401 ይላል። 402፣ 403 ይቀጥላል። ሌሎቹ ግን እስከ 500 አውቀዋለሁ ብለው አይሰሙትም። እሱ የመዘገባቸው 100 ነገሮች እሱ ጋ ብቻ ይቀራሉ። ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም፤ መዝገቦቹ ዝም ብለው ይለያያሉ። አንድ ሰው ምሥራቅ ሲሄድ አባል ነው፤ ምዕራብ ሲሄድ አይታወቅም።

ይህ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ በእርግጥ የሚደርስ ችግር ነው። ለዓመታት ብዙ ሰው የወደቀበት ዶሜይን ኮንትሮለሩን እንደ ማንኛውም ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር እንደሚሠራ ኮምፒውተር) በስናፕሾት፣ ማለትም በአንድ ቅጽበት በተያዘ ምስሉ፣ ወደ ኋላ በመመለስ ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ የተቀመጠበት ሲስተም ከደገፈው፣ ሰርቨሩ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ራሱ ያውቃል። ትክክለኛው ባክአፕም ሲመለስ ሰርቨሩ አዲስ መታወቂያ ይይዛል። ጸሐፊው «ከዛሬ ጀምሮ በአዲስ ማኅተም ነው የምሠራው፤ የድሮውን ቁጥር ተዉት» እንደማለት ነው። ስለዚህ ባክአፑ የሚወሰደው ዳይሬክተሪን በሚያውቅ መንገድ መሆን አለበት። የዲስኩን ፋይል ብቻ የሚገለብጥ ሳይሆን ሲስተም ስቴት የሚባለውን፣ መዝገቡን ከሰርቨሩ ዋና ዋና ሴቲንጎች ጋር አንድ ላይ የሚይዝ።

ሌላም አለ። አባል ሲለቅ ስሙ ወዲያው ከደብተሩ አይፋቅም። ይሰረዝና ምልክቱ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ጸሐፊዎችም መሰረዙን እስኪሰሙ። ይህ ምልክት በእንግሊዝኛው የመቃብር ሐውልት በሚል ቃል ነው የሚጠራው። በአሁኑ አሠራር 180 ቀን ይቆያል። በጥንቱ የተተከሉና ማንም ያልነካቸው ዶሜይኖች ውስጥ 60 ቀን ነው። ከዚያ በላይ የቆየ ባክአፕ ሲወጣ የሞቱትን እንደ ሕያው ያመጣል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ስም እንደገና ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት የተወሰደ የዳይሬክተሪ ባክአፕ ካላችሁ እንደሌለ ቁጠሩት።

አንድ ፎልደር ሙሉ ዩዘር በስህተት መሰረዝ ደግሞ ከዚህ ያነሰ አደጋ ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ሪሳይክል ቢን አለ። ካልበራ ዛሬውኑ አብሩት። እኔ የማወራው ግን ሁሉም ስለጠፋበት ቀን ነው።

የተዘጋው ክፍል

ሙከራው የሚደረገው በተዘጋ ክፍል ነው። ክፍል ስል የግድ በር ያለው ማለቴ አይደለም። ከእውነተኛው ኔትወርክ በፍጹም የማይገናኝ ቦታ ማለቴ ነው። አንድ ደህና ኮምፒውተር፣ ላዩ ላይ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ በመካከላቸው የግል ኔትወርክ። የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥን የመሰለ ነገር የለም። ሴቲንግ ይረሳል፤ የተነቀለ ገመድ ግን ለሁሉም ይታያል።

ይህን ያህል የምጨነቀው ምክንያት አለኝ። የምታስነሱት ቅጂ ስሙም፣ አይፒ አድራሻውም፣ መታወቂያውም ከሚሠራው ሰርቨር ጋር አንድ ነው። በሙከራው ውስጥ ደግሞ ሌሎቹን ዶሜይን ኮንትሮለሮች ሞተዋል ብላችሁ ከመዝገቡ ትሰርዛላችሁ። ያ ቅጂ በስህተት ወጥቶ ከእውነተኞቹ ጋር ቢገናኝ ምን ይዞ እንደሚሄድ አስቡት። ሊያድን የተደረገ ሙከራ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ቁልፉ ቤት ውስጥ ሲቀር

የመጀመሪያ ሙከራዬን አልረሳውም። መሥሪያ ቤቱን አልጠቅስም። ባክአፕ በየሌሊቱ ይሠራ ነበር። ሪፖርቱ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። ለኃላፊዎቻችንም «ባክአፕ አለን» ስንል በሙሉ ልብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተሰባስበን ጀመርን።

የተመለሰው ሰርቨር በልዩ የጥገና ሁኔታ መነሳት አለበት። በዚያ ሁኔታ ዳይሬክተሪው አይሠራም፤ ስለዚህ የተለመደው የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አይገባም። የራሱ የሆነ፣ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲተከል የተሞላ ፓስወርድ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ የሚያውቀው የለም። የተከለው ሰው ከለቀቁ ቆይተዋል። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ያኔ የሞሉት የጥገና ፓስወርድ ትዝ ይልዎታል?»

«ልጄ፣ እሱ እኮ የስንት ዓመት ነገር ነው። ከየት አምጥቼ?»

እውነታቸውን ነው። ያ ቅዳሜ እዚያ ላይ አበቃ። እንደ ዕድል ሆኖ በሚሠራው ሰርቨር ላይ ፓስወርዱን እንደ አዲስ መሙላት ይቻላል። ሞላነው። ግን የድሮዎቹ ባክአፖች የድሮውን ፓስወርድ ነው የያዙት። ስለዚህ አዲስ ባክአፕ እስኪወሰድ ጠብቀን በሳምንቱ ተመለስን። በእውነተኛው የአደጋ ቀን የሚሠራ ሰርቨር ስለማይኖር ይህ መውጫ አይኖርም ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ሕግ አወጣን። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ዶሜይኑ ሞቷል፤ ማንም በዶሜይን ስሙ ምንም እንዳይከፍት። ይህች ሕግ ከሙከራው ሁሉ ትልቁን ነገር አሳየችን።

የባክአፕ ሰርቨሩን ልንከፍት ሄድን። እሱም የሚገባው በዶሜይን ስም ነው። ዶሜይኑን የሚያስነሳው ባክአፕ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በጎን ያለውን የአካባቢ አካውንት፣ ማለትም ዶሜይኑን ሳይጠይቅ በዚያው ማሽን ላይ ብቻ የሚሠራውን፣ ፓስወርድ ፈልገን አገኘን። ባክአፑ በቁልፍ የተመሰጠረ ነው። ቁልፉ የት አለ? የጋራ ፎልደር ውስጥ በፋይል ተቀምጧል። የጋራ ፎልደሩ ሲከፈት ማንን ይጠይቃል? ዶሜይኑን። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የምናስተዳድርበት ገጽም በዶሜይን ስም ነበር የሚከፈተው። የማገገሚያ መመሪያችን ራሱ፣ ደረጃ በደረጃ ተጽፎ፣ በዚያው ፋይል ሰርቨር ላይ ነው ያለው።

ቤት ውስጥ ቁልፍ ረስቶ በሩን ከውጭ የሳበ ሰው ያውቀዋል ስሜቱን። ሁሉም ነገር አለ፤ አንድም ነገር ግን አይደረስበትም።

ይህን ቋጠሮ በስብሰባ ተቀምጦ ማግኘት ይከብዳል። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። የባክአፕ ሰርቨሩን ከዶሜይን ጋር ያገናኘው ሰው ሥራ ለማቅለል ብሎ ነው። ቁልፉን የጋራ ፎልደር ያስቀመጠው እንዳይጠፋ ብሎ ነው። ክቡ የሚታየው አንዱን ጫፍ ስትቆርጡት ብቻ ነው። የሃርድ ዲስክ ምስጠራ የምትጠቀሙ ከሆነ የቢትሎከር ማገገሚያ ቁልፎቻችሁም ዳይሬክተሪው ውስጥ ብቻ ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል እዩት።

መፍትሔው ውድ አልነበረም። የባክአፕ ሰርቨሩን ከዶሜይኑ አስወጣነው። የጥገና ፓስወርዱን፣ የምስጠራ ቁልፉንና የአካባቢ አካውንቶቹን በወረቀት ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን፣ ሁለት የተለያየ ቦታ ባለ ካዝና ውስጥ አስቀመጥን። መመሪያውም ታትሞ አብሮ ገባ። ወረቀት ኋላ ቀር ይመስላል። ግን ፓስወርድ አይጠይቅም።

ከተነሳ በኋላ

ሰርቨሩ ተነስቶ የመግቢያው ገጽ ሲመጣ ብዙ ሰው ጨረስን ይላል። እኛም ብለን ነበር። ገና ግማሽ መንገድ ነው።

ሰርቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ ወንድሞቹን ይፈልጋል። «እኔ ሳልኖር ምን ተለወጠ?» ብሎ ሊጠይቃቸው። በተዘጋው ክፍል ማንም የለም። ስለዚህ ይጠብቃል። የስም አድራሻ የሚያገኝበት ዲኤንኤስም ብዙ ጊዜ እዚያው መዝገብ ውስጥ ስላለ አብሮ ይጠብቃል። ሲስቮል የሚባለው፣ የመሥሪያ ቤቱ ፖሊሲዎች የሚቀመጡበት ፎልደርም ከወንድሞቹ ቅጂ ይጠብቃል። ሲስቮል ካልተከፈተ ሰርቨሩ ራሱን ለኮምፒውተሮቹ «እዚህ አለሁ» ብሎ አያስተዋውቅም። ከውጭ ሲታይ በርቷል፤ ሥራ ግን አይሰጥም። ጀማሪ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ባክአፑ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። አልተበላሸም። ብቸኛው የተረፈ እሱ መሆኑን የነገረው የለም።

ስለዚህ መንገር አለባችሁ። የሲስቮሉ ዋና ባለቤት እሱ እንደሆነ ትመዘግባላችሁ። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ አንድ ሰርቨር ብቻ የሚይዛቸው አምስት ልዩ ኃላፊነቶች አሉ፤ በሌሎቹ ተይዘው ከነበረ ትወስዱለታላችሁ። የሞቱትን ስም ታጸዳላችሁ። ዲኤንኤስ ሲፈልግ ራሱን እንዲጠይቅ ታደርጋላችሁ።

ከዚያ ደግሞ ሰው የማያስታውሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ለአዲስ ዩዘሮች የሚሰጡ ቁጥሮች ናቸው። ባክአፑ ከተወሰደ በኋላ የተሰጡ ቁጥሮችን የተመለሰው ሰርቨር አያውቃቸውም። እንደገና ለሌላ ሰው ቢሰጣቸው፣ ያኛው የተፈቀደለትን ፎልደር ይኼኛው ሊከፍት ነው። ስለዚህ ቆጣሪውን ወደ ላይ ዝለል ማለት ያስፈልጋል። የማይክሮሶፍት መመሪያ በ100,000 ከፍ አድርጉት ይላል። ሁለተኛው፣ ኬአርቢቲጂቲ የሚባለው አካውንት ነው። ሰው ሲገባ ሰርቨሩ «አውቀዋለሁ» ብሎ የሚሰጠው ማረጋገጫ፣ የመግቢያ ትኬት የሚባለው፣ የሚታተመው በእሱ ፓስወርድ ነው። ሰርጎ ገብ ይህን ሰርቆ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ከተነሳ በኋላም ራሱን ማንንም አስመስሎ መግባት ይችላል። ፓስወርዱ ሁለት ጊዜ መቀየር አለበት፤ ምክንያቱም አካውንቱ ያለፈውን አንድ ፓስወርድ አብሮ ያስታውሳል።

ሰዓቱንም እዩ። ከርበሮስ የተባለው የመግቢያ ሥርዓት በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ አያስገባም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰዓት የሚያስተካክልለት ስለሌለ ይዛባል። አንድ ጊዜ ለዚህች ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ አጥፍተናል።

ፈተናው አለፈ የሚባለው መቼ ነው? እኔ ዲሲዳያግን በመሳሰሉ የመመርመሪያ መሣሪያዎች ውጤት ብቻ አልረካም። አንድ ተራ የሠራተኛ ኮምፒውተር እዚያው ክፍል ውስጥ አስገባለሁ። የአይቲ ሰው ያልሆነ ሠራተኛ፣ ብችል ከሒሳብ ክፍል፣ እንዲቀመጥበት እጠይቃለሁ። በራሱ ስም ይግባ። ፓስወርዱን ይቀይር። እኔ አዲስ ዩዘር ልፍጠር፤ ያም ይግባ። ፖሊሲው ይድረስ። ከዚያ ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር ባዶ ዊንዶውስ ላይ ተክለን ከተመለሰው ይገልብጥ። ሁለቱ ሲስማሙ ያኔ ተነሳ እላለሁ።

እንዲህ ያስቀመጥናት አንዲት የሒሳብ ክፍል ልጅ አንድ ጊዜ ያስተማረችኝ ነገር አለ። ፓስወርዷ አልገባ አላት። ባክአፑ የሐሙስ ነበር፤ እሷ ፓስወርድ የቀየረችው ዓርብ። ሰርቨሩ የሚያውቀው የቀድሞውን ነው። ለእኛ ግልጽ የሆነ ነገር ለእሷ ግን ሌላ ብልሽት ነበር። በእውነተኛው ቀን ስንት ሰው ስልክ እንደሚደውል ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በመመሪያችን ውስጥ ለሠራተኛው የሚነገር አንድ አጭር ማስታወሻ አለ፦ በዚህ ቀንና ከዚያ ወዲህ ፓስወርድ የቀየራችሁ የድሮውን ሞክሩ፤ አዲስ የተቀጠራችሁ ወደ እኛ ኑ።

ሰዓት ያዥና ጠራጊ

በሙከራው ቀን አንድ ሰው ሥራው ሰዓት መያዝ ብቻ ይሁን። ምንም እንዳይነካ። ባክአፑን ለማግኘት ስንት ደቂቃ፣ ለመመለስ ስንት፣ የት ላይ ቆምን፣ ማን ምን ፓስወርድ ፈለገ። እኛ በሦስተኛው ሙከራችን ከመጀመሪያው እስከ ሠራተኛዋ መግባት 7 ሰዓት ፈጅቶብን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ሲሰሙ ደነገጡ። እሳቸው አንድ ሰዓት መስሏቸው ነበር። ያ ቁጥር በወረቀት ስለነበረ ነው ለሙከራ ክፍሉ የሚሆን ኮምፒውተር ጥያቄያችን የተፈቀደው።

በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መመሪያውን የጻፈው ሰው ቡና ይጠጣ፤ ሌላው ከወረቀቱ እያነበበ ይሥራ። «ይህን ያው ታውቁታላችሁ» ተብሎ የታለፈ ደረጃ የሚገኘው ያኔ ነው። የኛ መመሪያ በመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሙከራ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነው የወጣው።

በስንት ጊዜ? ቢያንስ በዓመት ሁለቴ እላለሁ። ትልቅ ለውጥ ሲኖርም፤ ሰርቨር ሲታደስ፣ የባክአፕ ሶፍትዌር ሲቀየር፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ሥራ ሲለቅ። ሳምባ የተባለውን ሶፍትዌር ወይም ሌላ ዳይሬክተሪ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ትእዛዞቹ ይለያያሉ እንጂ የተዘጋው ክፍልና የሞተው ዶሜይን ሕግ ያው ናቸው።

ሲያልቅ የሚረሳ አንድ ሥራ ይቀራል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያስነሳችሁት ሰርቨር የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ሁሉ የፓስወርድ አሻራ ይዟል። እውነተኛው ሰርቨር በተቆለፈ ክፍል ሲቀመጥ ይህኛው በሰው ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ቨርቹዋል ማሽኖቹ ይጥፉ። ዲስኩ ይጠረግ። ባክአፑ የመጣበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ወደ ካዝናው ይመለስ። እኛ ዘንድ ይህን አንዱ ሲሠራ ሌላው ቆሞ ያያል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከፊርማው ሥር የሚቀጥለው ሙከራ ቀን ይጻፋል። ከዚያ የተነቀለው ገመድ ይሰካል።